የቫሌንስ ኤሌክትሮን ጥንዶች መገፋፋት

የቫሌንስ ኤሌክትሮን ጥንዶች መገፋፋት በማዕከላዊ አቶም ዙሪያ ያሉ የውጨኛው እርከን የኤሌክትሮን ጥንዶች እርስ በርስ ተገፋፍተው የሚቻላቸውን ያህል እንደሚራራቁ፣ የሞለኪውል ቅርጽም በዚሁ እንደሚወሰን የሚያስረዳ የኬሚስትሪ ንድፈ ሐሳብ ነው። መነሻው ኔቪል ሲጅዊክ እና ኸርበርት ፓውል በ1940 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ ሲሆን፣ ሮናልድ ጊልስፒ እና ሮናልድ ናይሆልም በ1957 እ.ኤ.አ. አዳብረውታል።

ሁለት የኤሌክትሮን ስብስቦች በ180 ዲግሪ፣ ሦስት በ120፣ አራት ደግሞ በ109.5 ዲግሪ ይራራቃሉ። ድርብ ቦንድ እንደ አንድ ስብስብ ስለሚቆጠር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀጥተኛ ነው። ቦንድ ያልፈጠረ ነፃ ጥንድ በአንድ ኒውክሊየስ ብቻ ስለሚሳብ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል፤ አጠገቡ ያሉትንም ቦንዶች ይበልጥ ይገፋል። ሚቴን፣ አሞኒያ እና ውሃ ይህን በግልጽ ያሳያሉ። ሦስቱም በማዕከላዊ አቶማቸው ዙሪያ አራት ጥንዶች አሏቸው። ነፃ ጥንድ የሌለው ሚቴን 109.5 ዲግሪውን እንደያዘ ባለአራት ፊት ቅርጽ ይኖረዋል፤ አንድ ነፃ ጥንድ ያለው አሞኒያ ወደ 107 ዲግሪ ጠብቦ ፒራሚድ ይሠራል፤ ሁለት ያለው ውሃ 104.5 ዲግሪ ላይ ይታጠፋል። የውሃ ሞለኪውል ዋልታዊ የሆነውና ጨውን በቀላሉ የሚያሟሟው በዚህ መታጠፍ ምክንያት ጭምር ነው።

ንድፈ ሐሳቡ ያለ ከባድ ስሌት አስተማማኝ ትንበያ ቢሰጥም፣ ለብዙ የሽግግር ብረቶች ውህዶች አይሠራም።