የሚደነብረውን ውርንጭላ መግራት



ውርንጭላ ጥላ አይቶ ይደነብራል። ባለቤቱ ተቆጥቶ ጅራፍ ያነሳል። በማግስቱ እዚያው ቦታ ሲደርስ ግን ድንጋጤው ብሶ እናየዋለን። ለምን ይሆን?

ከ2300 ዓመታት በፊት የግሪኩ የጦር ሰው ዜኖፎን ስለ ፈረስ ግልቢያ በጻፈው መጽሐፍ ምክንያቱን አስረድቷል። በፍርሃቱ ሰዓት የተመታ ፈረስ ሕመሙን ያመጣበት ያ የፈራው ነገር ይመስለዋል። ስለዚህ ጋላቢው በቅድሚያ ያንን ነገር ራሱ ነክቶ ያሳየው፤ ከዚያም በቀስታ ያቅርበው ይላል። ውርንጭላውም ከሕፃንነቱ ረሃቡና ጥሙ በሰው እጅ ይታገስለት፤ ይዳሰስ፤ በሕዝብ መካከል እየተመራ ግርግሩን ይልመድ። በቁጣ ግን ፈጽሞ አይቀረብ።

ከዚያ ወደ 1000 ዓመት ገደማ ቆይቶ የሆነውን ኢማም ሙስሊም ዘግበውልናል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስቸጋሪ ግመል ተቀምጠው ወዲያ ወዲህ ሲያመላልሱት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ርኅራኄን አጥብቀው እንዲይዙ አሳሰቧቸው። እንስሳው ግመል ነው፤ ትምህርቱ ግን ለፈረስም ይሆናል።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐባሲዮች ዘመን፣ ኢብን አኺ ሒዛም ስለ ፈረስ አያያዝና ሕክምና መጽሐፍ ጻፉ። የፈረሰኛነት ዕውቀት፣ ፉሩሲያ፣ በሙስሊሞች ዘንድ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ።

እኛስ? ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ የመኪና ጥሩንባ ሰምቶ ሲደነብር ቀድመን የምናነሳው አለንጋ አይደለምን? መጀመሪያ መገራት ያለበት የራሳችን ቁጣ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ርኅራኄን ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም።