ሃምሳ ሎሚ በደቻቱ ዳር

ደቻቱን በበጋ ያየ ሰው «ወንዝ ነው» ቢሉት ይስቃል። አሸዋ ነዋ! ከከዚራ ወደ መጋላ ሲሻገር ጫማውን አቧራ እንጂ ውሃ አያገኘውም። ይህ አሸዋ ግን ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ፣ ከላይ ከሐረርጌ ደጋ የዘነበውን ይዞ መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ተፈናቀለ። እኔ ያኔ ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ። የማስታውሰው ጎርፉን ሳይሆን የትልልቆቹን ፊት ነው።

ዛሬ የተነሳሁት ግን ስለ ጎርፉ ብቻ ልጽፍ አይደለም። ስለ ድካም ነው። ጥሩ ሰው ለመሆን ስንሞክር ስለሚይዘን ድካም።

እስቲ ልናዘዝ። ጋዜጠኝነት ተምሬ ስወጣ የተበደለ ሁሉ ድምፅ እሆናለሁ ብዬ ነበር። ቀን ዜና፣ ማታ ለታማሚ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ቅዳሜ በጎ ፈቃድ፣ እሁድ ደግሞ የተፈናቀለ ጥየቃ። ዓመት አልሞላኝም፤ ስልኬ ሲጠራ መበሳጨት ጀመርኩ። አንድ ቀን የታመመ ልጅ ፎቶ ተልኮልኝ ምንም ሳይሰማኝ አለፍኩት። ያን ቀን ከራሴ ፈራሁ።

ፈረንጆቹ ለዚህ ስም አላቸው፤ «በርን አውት» ይሉታል። ስሙን በሥነ ልቦና ጽሑፍ ያስገባው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ቀን ቀን የራሱን ሥራ ይሠራል፣ ማታ ማታ ደግሞ በነፃ ክሊኒክ ያገለግላል። አብረውት የሚያገለግሉት ወጣቶች አንድ በአንድ ሲዝሉ አየ፤ እሱም ራሱ ዛለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ይህንኑ ጻፈው። ቶሎ የሚቃጠሉት ሰነፎቹ ሳይሆኑ ልባቸውን ሙሉ የሰጡት ናቸው አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ ቦታ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ መድቦታል።

ነገሩ ግን ከዚያ ይቀድማል ጎበዝ። በኦሪት ዘጸአት ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ አማቹ ዮቶር መጥቶ ያየዋል። አላመሰገነውም፤ አንተም ትደክማለህ ሕዝቡም ይደክማል፣ ሥራውን ለሺህ አለቃና ለመቶ አለቃ አካፍል አለው። መጋላ ያሉ ጎረቤቶቼ ደግሞ የሰልማንን ታሪክ ያውቃሉ። ወንድሙ አቡ ደርዳ ቀን እየጾመ ሌሊት እየሰገደ ቤቱን ሲረሳ፣ ሰልማን ሰውነትህም ቤተሰብህም ሐቅ አላቸው ብሎ መከረው፤ ነቢዩም ሰልማን እውነት ተናገረ አሉ።

የእኛ ከተማ ይህን ምክር ወደ ደንብ ለውጣዋለች። ድሬዳዋ የእንግዳ ከተማ ናት። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ ሁሉ ሥራ ፍለጋ መጣባት። ዘመዱን ሀገሩ ትቶ የመጣ ሰው ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ለዚህ ጥያቄ መልሱ ዕድር ሆነ። ሐረሪዎች ደግሞ ለሰርግና ለሐዘን የሚረዳዱበት፣ ለወንድም ለሴትም ለየብቻ የሚቋቋም አፎቻ አላቸው። ሲድኒ ዋልድሮንና ፒተር ኮን እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ እሱ መጽሐፍ አሳትመዋል።

የዕድር ደንብ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በቅርቡ ነው ያነበብኩት፤ ገረመኝም። መዋጮው የተቆረጠ ነው። ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ የታመመ ግን ምሕረት አለው። ለአባል ሞት ይህን ያህል፣ ለልጅ ይህን ያህል፣ ለወላጅ ይህን ያህል ተብሎ ተጽፏል። በመጀመሪያ «ለሐዘንም ዋጋ?» ብዬ ነበር። ኋላ ሲገባኝ ግን ደንቡ ሰውን ከጭካኔ ብቻ ሳይሆን ከመድቀቅም ይጠብቀዋል። የድርሻህን ያህል ስትሸከም ነገም ትመጣለህ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

ይህ ማለት ግን ደንቡ ድንጋይ ነው ማለት አይደለም። ኤች አይ ቪ በከተሞቻችን ቀብሩን ሲያበዛው ብዙ ዕድሮች ሰው ሞቶ ብቻ ከመድረስ አልፈው ሕመምተኛ ማስታመምና ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀምረዋል። አበበች ጎበናም በ1972 ዓ.ም. ከግሸን ጉዟቸው 2 ሕፃናት ይዘው ሲመለሱ ብቻቸውን ነበሩ፤ ሥራው ዘልቆ ዛሬ ያለው ግን ድርጅት ስላደረጉት ነው። እሳቸው በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራው አብሮ አልተቀበረም።

ወደ ደቻቱ ልመለስ። በዚያው ነሐሴ፣ የድሬ ለቅሶ ሳይወጣ፣ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ከ300 በላይ ሰው ወሰደ። አዩ፣ አንድ ልብ ይህን ሁሉ እችላለሁ ቢል ይዋሻል።

ግን አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። «መዋጮዬን ከፍያለሁ» የሚል ሰው ተኝቶ ሊያድርም ይችላል። ዕድር ድንኳን ይተክላል፤ ከላይ የተራቆተውን ተራራ ግን አያለብስም። ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠራ፤ ሆኖም በሚያዝያ 2012 ጎርፍ ተመልሶ መጥቶ የ4 ሰው ሕይወት አጠፋ። ተራ መግባት ከኃላፊነት ማምለጫ ከሆነማ ዕድሩም ከንቱ ነው። ድርሻ የምንካፈለው ኃይል ተርፎን «ተራራውን ማን ይትከል? ወንዙ ዳር ማን ሰው አሰፈረ?» ብለን እንድንጠይቅ ይመስለኛል።

ደክሞኝ ቤት በዋልኩበት ሳምንት አንዲት የሰፈራችን እናት ሊጠይቁኝ መጡ። የ1998ን ሐዘን ያለፉ ናቸው። ሁሉንም ዘርዝሬ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፦

«ልጄ፣ ለቅሶ ቤት እኮ በተራ ነው የሚታደረው። ዛሬ አንቺ ተኚ፤ ነገ ያንቺ ተራ ነው» አሉኝ።

ተኛሁ። በማግስቱ ለበጎ ፈቃድ ቡድናችን የተራ መዝገብ አወጣሁ። የኔ ቀን ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ስልኬን አጠፋለሁ። ማክሰኞ ግን፣ አቦ፣ ሙሉ ሰው ሆኜ እመጣለሁ።