ማተብ፣ ሜዳሊያና የእጅ ሰዓት

ንጋት ላይ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ልምምድ ከሚያደርጉት ሯጮች መካከል ብዙዎቹ የልብ ትርታንና የእርምጃን ብዛት የምትቈጥር ትንሽ መሣሪያ በእጃቸው አንጓ ላይ አስረው ይታያሉ። ያው መንገድ ማታ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ጫት ቤቱና መጠጥ ቤቱ ጎን ለጎን ይከፈታሉ፤ ከሰዓት በኋላ በበርጫ የጀመረውም ሌሊቱን በ«ጨብሲ» ይጨርሳል። የንጋቷ መሣሪያ ለማታው ሰው ትጠቅመው ይሆን? ይህ ጥያቄ ዛሬ ለሙያችን ቅርብ ነው፤ ይሁን እንጂ ሥሩ ከመሣሪያዋ ዕድሜ እጅግ ይረዝማል።

ሰው ቃሉን በአካሉ ላይ አስሮ መኖር የጀመረው ከጥንት ነው። በአገራችን ክርስቲያኑ ማተቡን በአንገቱ ያስራል፤ ማተብ የሃይማኖት ምልክት ብቻ ሳይሆን የቃል መያዣም ነው፤ ቃሉን የሚያፈርስ ሰው «ማተብ የለሽ» መባሉም ይህንኑ ያስረዳል። ከመጠጥ ሊርቅ የፈለገ ሰው ለንስሓ አባቱ ቃል ይገባል፣ ይገዘታል፣ ጸበል ገብቶ ይሰነብታል። በመንግሥት በኩል የተሞከረው መንገድ ግን ቅጣት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ትምባሆን በብርቱ ቅጣት ከልክለው ነበር፤ ዳሩ ግን መቶ ዓመት ሳይሞላ መንግሥት ራሱ የትምባሆ ሞኖፖል ባለቤት ለመሆን በቃ።

ሱሰኛ ለሱሰኛ መድኀኒት ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ በማኅበር መልክ ጎልቶ የወጣው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 በባልቲሞር ከተማ ስድስት ጠጪዎች ከአንድ መጠጥ ቤት ወጥተው የዋሽንግተናውያንን ማኅበር መሠረቱ። በ1870ዎቹ የፍራንሲስ መርፊ ተከታዮች መጠጥ መተዋቸውን ለማሳወቅ ሰማያዊ ጥብጣብ በልብሳቸው ላይ ያደርጉ ነበር። በ1935 ደግሞ ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ገበያ ሰውና ቦብ ስሚዝ የተባለ ሐኪም በአክሮን፣ ኦሃዮ ተገናኝተው ዛሬ በዓለም የታወቀውን ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር ጀመሩ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ በተለይ የምወደው በዚያው ከተማ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነበሩትን የእማሆይ ኢግናሺያን ሥራ ነው። እኒህ መነኵሲት ከሆስፒታሉ ለሚሰናበት ታማሚ ትንሽ ሜዳሊያ ይሰጡት ነበር፤ ከመስጠታቸውም በፊት፣ ዳግም ለመጠጣት ቢነሣ አስቀድሞ ሜዳሊያውን እንዲመልስላቸው ቃል ያስገቡት ነበር። ሜዳሊያው አንዳች ነገር አይለካም። ኀይሉ ሁሉ የሚመለስለት ሰው መኖሩ ነበር።

ኤሌክትሪኩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከተጠጣው አልኮል አንድ በመቶ ያህሉ በቆዳ በኩል ይወጣል፤ በዚህም መሠረት የተሠራው ስክራም የተባለ የቁርጭምጭሚት አምባር እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ትእዛዝ በጥፋተኞች እግር ላይ መታሰር ጀመረ፤ በየ30 ደቂቃውም ላቡን ይመረምራል። የእጅ ሰዓቶቹ ደግሞ የልብ ምትን፣ የእንቅልፍን ሁኔታና እንቅስቃሴን ይከታተላሉ። ነገር ግን የቆዳው ልክ ከደሙ ልክ ይዘገያል፤ ጫት የልብን ምት ከፍ ቢያደርግም የአቀበት ሩጫና ድንጋጤም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ሰዓቲቱ ምልክት ትሰጣለች እንጂ ምክንያቱን አትናገርም። ጠያቂ ያስፈልጋታል።

ጠያቂው ማን ይሁን? የአገራችን ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ማኅበር አልጎደለንም፤ ዕድሩም፣ ዕቁቡም፣ ጽዋውም አለ። ሆኖም የጽዋ ማኅበር የሚዞረው ከነጠላው ነው፤ በርጫም ቢሆን ራሱ የታወቀ የባልንጀርነት ሥርዓት ነው። እንግዲህ መጠጥ የተወ ሰው የሚተወው መጠጡን ብቻ ሳይሆን ወዳጆቹን ጭምር ነው። «አንዲት ብቻ ቅመስ» ብሎ የሚያስገድደው ጠላቱ አይደለም፤ አበልጁ ነው። ለዚህ ሰው «ብቻህን ጽና» የሚለው ምክር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በክሊኒክ የተቀመጠ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል።

የጉዳዩን ስፋት ለመገመት ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት ይበቃል፤ ከ10 ሺህ በላይ ከሆኑት ተጠያቂ ጎልማሶች ግማሽ ያህሉ ጫት ቃሚዎች ሆነው ተገኝተዋል። ሕክምናው ግን ለረዥም ጊዜ በምዕራቡ የከተማችን ክፍል፣ በጣልያን ወረራ ዘመን በተመሠረተው በአማኑኤል ሆስፒታል ላይ ወድቆ ቆይቷል። የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በምሥራቅ፣ በኮተቤ፣ የአእምሮ ሕክምናን ለማስፋፋት ታስቦ የተሠራው የየካ ኮተቤ ሆስፒታል በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ የወረርሽኙ ማእከል እንዲሆን ተደረገ። አስፈላጊ ውሳኔ ነበር፤ ዳሩ ግን ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ቦታውን የሚለቀው የአእምሮ ሕመምተኛ መሆኑ ሳይስተዋል አይታለፍ። የምግብና መድኀኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 በበኩሉ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወጣ፤ ለሽያጩም 21 ዓመትን የዕድሜ ወሰን አደረገ።

አቻ ለአቻ የመደጋገፍ ዕውቀት በአገራችን የለም ማለት ግን ስሕተት ነው። የኤች አይ ቪ ዘመን አስተምሮናል። መቅድምና የተስፋ ጎህ ማኅበራት ቫይረሱ በደማቸው ባለ ወገኖች ሲመሠረቱ፣ መገለሉ ከበሽታው የከፋ ነበር። በ1997 ዓ.ም. መድኀኒቱ በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ መድኀኒቱን ራሳቸው የሚወስዱ ሰዎች በጤና ተቋማት ተመድበው የቀሩትን እየፈለጉ መለሱ፤ እናቶችም በቡና ዙሪያ ተቀምጠው ተመካከሩ። ጽዋው በቡና ተተክቶ ማኅበሩ ሊጸና እንደሚችል በዐይናችን አየን።

በእኔ አስተያየት የእጅ ሰዓቲቱ ቦታ በዚህ ማኅበር መካከል ነው። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣውን ሰው፣ ከመውደቁ በፊት፣ ከገርጂ ወይም ከአያት ደውሎ «ወንድሜ፣ ምነው ደኅና አላደርክም?» የሚለው በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው ቢሆን ያምርበታል። መረጃው ለአሠሪው ወይም ለፖሊስ የሚደርስ ከሆነ ግን ሰዓቲቱ አምባር መሆኗ ቀርቶ እግር ብረት ትሆናለች፤ ታማሚውም በመጀመሪያው የደመወዝ ቀን ፈትቶ በመሳቢያ ውስጥ ይጥላታል። ስለዚህ ለታማሚዎቻችን ከማሰራችን በፊት፣ መረጃውን ማን እንደሚያይ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥና ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ማስጠፋት መቻሉን በጽሑፍ መወሰን አለብን፤ ውሳኔው ሲረቀቅም ከሱስ ያገገሙት ሰዎች ከእኛ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሊቀመጡ ይገባል።