የደመና ማከማቻ፦ ትርጉሙና የባለፋይሉ ኃላፊነት

የደመና ማከማቻ፣ በዘልማድ «ክላውድ» የሚባለው፣ ፎቶግራፍን፣ ሰነድንና ሌላ ፋይልን በኢንተርኔት አማካይነት፣ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት በሚያስተዳድራቸው ሰርቨሮች ላይ የማኖር ዘዴ ነው። ስያሜው የኔትወርክ መሐንዲሶች ዝርዝሩን ማሳየት የማያስፈልጋቸውን የመስመር ክፍል በንድፋቸው ላይ በደመና ሥዕል ይወክሉ ከነበረበት ልማድ የመጣ ሲሆን፣ ፋይሉ ግን የሚያርፈው መሬት ላይ በቆመ የመረጃ ማዕከል ውስጥ ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ኩባንያ ማዕከል ሲቃጠል፣ ሌላ ቅጂ ያልነበራቸው ደንበኞች ፋይላቸውን አጥተዋል።

ይሁንና ለተራው ተጠቃሚ ከእሳት ይልቅ የሚያሰጋው የአካውንቱ አያያዝ ነው። እንደ ሳሪስ አቦ ባሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮች የፋይዳ መታወቂያውን፣ የትምህርት ማስረጃውን ወይም የቤት ካርታውን ለማሳተም ኮፒ ቤት ገብቶ አካውንቱን በሰው ኮምፒውተር የሚከፍት ሰው፣ ገጹን መዝጋቱ ብቻ ከአካውንቱ እንደማያስወጣው፣ የወረደው ፋይልም «ዳውንሎድስ» በተባለው ፎልደር ውስጥ እንደሚቀር ማወቅ ይኖርበታል፤ ስለዚህ ፋይሉን ከዚያና ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጥፍቶ፣ «ሳይን አውት» ብሎ መውጣት ይገባዋል። ከዚህም ጋር፣ የይለፍ ቃሉ ቢታወቅ እንኳ ወደ ስልክ የሚላክ ኮድ ወይም ሌላ ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቀውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራትና ሲም ካርድ በተቀየረ ቁጥር የተመዘገበውን ስልክ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ማመሳሰል ወይም «ሲንክ» ከመጠባበቂያ ቅጂ መለየት አለበት፤ ምክንያቱም የተመሳሰለ ፋይል በስልኩ ላይ ሲጠፋ ከደመናውም ሊጠፋ ሲችል፣ መጠባበቂያ ግን ራሱን ችሎ የሚቀመጥ ነው። ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለጂሜይል፣ ለድራይቭና ለፎቶዎች በጋራ የሚውል ሲሆን፣ ኩባንያው ለ2 ዓመት ያልተከፈተን የግል አካውንት ከነይዘቱ ሊሰርዝ እንደሚችል በደንቡ አስቀምጧል። በኢትዮጵያ ደግሞ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ያህል እንደ ሆነው ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በደመና ላይ ብቻ ያለ ሰነድ በአስፈላጊው ሰዓት ላይደረስበት ስለሚችል፣ ዋና ዋናዎቹን በፍላሽ ወይም በውጫዊ ሀርድ ዲስክ ጭምር መያዝ ተገቢ ነው።

የሌላ ሰው መረጃ ሲሆን ኃላፊነቱ ሕጋዊም ይሆናል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ የሚሰበስቡ ተቋማት ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲጠቀሙበትና ደኅንነቱን እንዲጠብቁ ግዴታ ስለሚጥል፣ የተማሪዎችን ውጤት ወይም የሠራተኞችን መታወቂያ በደመና የሚያስቀምጥ ድርጅት «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለውን ፈቃድ ትቶ በስም ለተለዩ ሰዎች ብቻ ማጋራት፣ ሥራውን የለቀቀን ሠራተኛ ፈቃድም ወዲያውኑ መሰረዝ ይጠበቅበታል።