ዜና ቡላቶቪች፤ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ የዘመተው የመስኮብ ሰው

በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ የዐድዋ ጦርነት በድል በተፈጸመበት በ1888 ዓ.ም.፣ ከመስኮብ አገር የቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኛ ሊያክሙ መጡ። ከእነርሱም ጋር አሌክሳንደር ቡላቶቪች የሚባል የንጉሥ ዘበኛ ፈረሰኛ መኮንን ነበረ፤ ዕድሜውም ሃያ አምስት ዓመት ነበር። ሐኪሞቹ ገና ጅቡቲ ሳሉ እርሱ ጉዳያቸውን ይዞ ወደ ሐረር ቀደመ፤ በረሃውንም በግመል አቋርጦ አራት ቀን ሳይሞላው ከከተማዪቱ ደረሰ። በዚያ መንገድ ዕቃ ጭኖ የተመላለሰ ነጋዴ ይህ ምን ያህል ግልቢያ እንደሆነ ያውቀዋል።

ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ቡላቶቪች ግን አልተመለሰም። በ1889 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ተቀብሎ በወለጋ በኩል እስከ ባሮ ወንዝ ዘለቀ፤ ያየውንም በመጽሐፍ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1897 በመስኮብ አገር በጴጥሮስ ከተማ አሳተመ። የመጽሐፉም ስም «ከእንጦጦ እስከ ባሮ ወንዝ» ይባላል።

በዚያም ጊዜ በከፋ ላይ ታላቅ ጦርነት ነበረ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ፣ ደጃዝማች ተሰማ ናደውና ደጃዝማች ደምሰው ከየአቅጣጫው ገቡባት፤ የጅማው አባ ጅፋርም ከእነርሱ ጋር ዘመቱ። የከፋ ሰው አገሩን በጥልቅ ቦይና በእንጨት አጥር ያጠረ ስለ ነበረ ለዘመናት ማንም ሳይደፍረው ኖሯል። ጠመንጃ ግን ቦዩን ተሻገረው። ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ወራትን ሙሉ በጫካ ሲሸሹ ከቆዩ በኋላ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተያዙ፤ ታስረውም ወደ ሸዋ ተወሰዱ፣ እስኪሞቱም ድረስ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። አክሊላቸውም ከዐፄ ምኒልክ እጅ ወደ ስዊሱ አማካሪ ወደ ሙሴ ኢልግ አልፎ ዙሪክ ደረሰ፤ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። የከፋ ግዛት ለራስ ወልደ ጊዮርጊስ ተሰጠ፤ ራስም በአንደራቻ ተቀመጡ።

ንጉሠ ነገሥቱ አስቀድመው በ1883 ዓ.ም. ለአውሮጳ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ የጥንቱን ድንበር እስከ ነጭ ዓባይና እስከ ታላቁ ሐይቅ እንደሚያስመልሱ አስታውቀው ነበር። በ1890 እንግሊዝ ከደቡብም ከሰሜንም እየተጠጋ፣ ፈረንሳይም ወደ ፋሾዳ እየገሠገሠ ሳለ፣ ነገሩ የደብዳቤ ብቻ መሆኑ ቀረ። ደጃዝማች ተሰማ ወደ ነጭ ዓባይ ወረዱ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ወደ ቦረና ተላኩ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስም በጊሚራ በኩል አልፈው እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ያለውን አገር እንዲይዙ ታዘዙ። ቡላቶቪች ዳግመኛ ከመስኮብ መጥቶ አዲስ አበባ ነበርና ከራስ ጋር እንዲዘምት ለመነ፤ ምኒልክም ፈቀዱለት። ለምን ፈቀዱለት ቢባል፣ የያዙትን አገር በካርታ ላይ የሚያሰፍር ሰው ማስፈለጉን ከቤተ መንግሥቱ ሁሉ አብልጠው የተረዱ እርሳቸው ነበሩ ብዬ አስባለሁ።

ቡላቶቪች በጥር 1890 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ አድርጎ ከፋ ገባ። ያየውን ሳይሸሽግ ጽፏል። መንደሩ ባዶ ነበር፤ ቤቱ ተቃጥሏል፤ ማሳው ዳዋ ለብሷል፤ በረጅሙም ሣር መካከል የሰው የራስ ቅልና አጥንት ነጥቶ ይታያል። ራስ ወልደ ጊዮርጊስን እጅግ የሚወድ፣ ወታደሩንም የሚያደንቅ ሰው ይህን መጻፉ ለወረቀቱ ክብደት ይሰጠዋል። የአሸናፊ ወዳጅ የጻፈው ስለሆነ ማንም ሐሰት ነው ሊለው አይችልም።

ከአንደራቻ ሠራዊቱ ወደ ጊሚራ ተጓዘ። ይህም ዛሬ ቤንች፣ ሸኮና ሸይ ቤንች የምንለው፣ ሚዛን ተፈሪ የተቆረቆረችበት አገር ነው። በዚያ ዘመን የሚዛን ከተማ አልነበረችም፤ ደንና ደገኛ መንደር፣ የእንሰት ጓሮ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ሰው ያልተከለው ቡና ነበረ። ደኑ ከመጥበቁ የተነሣ ፈረሰኛ ከፈረሱ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፤ መንገድ ጠራጊ በገጀራና በመጥረቢያ ይቀድማል፤ ከኋላም ጋሻ ጃግሬው፣ የስንቅ ጫኚው በቅሎ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ሴት ሁሉ ይከተላል። ራስ አስቀድመው ገብሩ ብለው መልእክተኛ ይልካሉ። የገበረ ይድናል፤ ያልገበረ ከብቱ ይነዳል፣ ቤቱ ይቃጠላል፣ ልጁም ይማረካል። ጦርና ጋሻ ይዞ የወጣው ባላገር ጠመንጃ ሲተኮስበት ምን እንደሚሆን ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ቡላቶቪች በዚህ ሁሉ መካከል መሣሪያውን አውጥቶ ፀሐይን ይለካል። ሥራው መርከብ መሪ በውቅያኖስ ላይ የሚሠራው ነበረ፤ በቀትር የፀሐይን ከፍታ ለክቶ ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደራቀ ያሰላል፣ በያዘውም ሰዓት ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያለውን ርቀት ይገምታል። ሰዓት ከተበላሸ ወይም ደመና ከጋረደ ሒሳቡ ይሳሳታል፤ የጊሚራ ሰማይ ደግሞ ደመና አያጣም። ከፍ ካለ ጉብታ ላይ ሆኖ የተራራውን አቅጣጫ በኮምፓስ ይወስዳል፤ መንገድ መሪውን የወንዙንና የነገዱን ስም ይጠይቀዋል፤ ማታ በድንኳኑ በሻማ ብርሃን ይጽፈዋል። ወታደሩ ይህን ሲያይ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም፤ ፀሐይን በብርጭቆ የሚያይ ፈረንጅ በዘመቻ ሰፈር ሐሜት አያጣውም።

ከደገኛው አገር ወደ ቆላ በወረዱ ጊዜ ችግሩ ውኃና ረኃብ ሆነ። በቅሎው አለቀ፤ ንዳድም ሰዉን ጣለው። እንዲሁም ሆኖ በመጋቢት 1890 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ከሐይቁ ከሚገባበት ደረሱ። ራስም የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ በዳርቻው አስተከሉ፤ ሠራዊቱም በተኩስ አጀበው። ኦሞ ወደ ሩዶልፍ እንደሚፈስ የኢጣሊያኑ ቦጤጎ ከሁለት ዓመት በፊት ደርሶበት ነበር፤ ቦጤጎ ግን በ1889 ዓ.ም. በጊዳሚ አጠገብ ተገደለ፤ ባልደረቦቹም መጽሐፋቸውን ያሳተሙት ኋላ ነው። ከፋን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ እስከ ሐይቁ የሄደ የመጀመሪያው አውሮጳዊ ግን ቡላቶቪች ነው።

በዚያ ቆላ በጦርነቱ ክፉኛ የተጎዳ አንድ ትንሽ ልጅ ከመንገድ ተጥሎ አገኘ፤ አንሥቶም አስታመመው፣ ቫስካ ብሎም ጠራው፣ ወደ መስኮብም ወሰደው። ስለ ዘመቻው ከተጻፈው ሁሉ ይህ ሕፃን ብቻውን ስለ ተሸናፊው ወገን ብዙ ይናገራል፤ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ግን በመጽሐፉ የለም።

በኦሞና በነጭ ዓባይ ገባሮች መካከል የቆመውን ሰንሰለታማ ተራራ ቡላቶቪች በዐፄ ምኒልክ ፈቃድ በራሱ ንጉሥ በኒቆላዎስ ዳግማዊ ስም ሰየመው። ስሙ ከካርታው አልፎ አልዘለቀም። ማጂም ሆነ ሚዛን ውስጥ ተራራውን እንዲህ ብሎ የሚጠራ ሰው የለም፤ ዲዚውም ሱሪውም የየራሱ ስም አለው። ሐይቁም ቢሆን በ1900 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የድንበር ውል ከሰሜን ጫፉ በቀር ከኢትዮጵያ ውጭ ሆነ።

እርሱ ግን ወደ ጴጥሮስ ከተማ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1899 ለመልክዐ ምድር ማኅበር ካርታውን አቀረበ፤ በ1900ም «ከምኒልክ ዳግማዊ ሠራዊት ጋር» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ሦስተኛ ጊዜም መጥቶ ወደ ቤኒ ሻንጉል ተጓዘ። ከዚያም ቻይና ዘመተ። በ1903 ሠራዊቱን ተወ፤ ሄዶም በአቶስ ተራራ መነኮሰ።

መንኩሰዋልና ከዚህ ወዲያ እንደ አገራችን ወግ አባ አንቶኒ እንበላቸው። እ.ኤ.አ. በ1911 ለአራተኛ ጊዜ አዲስ አበባ መጡ። ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ደዌ ተኝተው ነበር፤ አባ አንቶኒም ጸለዩላቸው፣ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ገዳም ለመትከልም ፈቃድ ለመኑ፤ ነገር ግን አልሆነም። ወደ አቶስ ተመልሰው «የእግዚአብሔር ስም ራሱ እግዚአብሔር ነው» የሚሉትን መነኮሳት መርተው ከሲኖዶስ ጋር ተከራከሩ፤ በ1913 የመስኮብ ወታደር በመርከብ መጥቶ መነኮሳቱን አግዞ ወሰዳቸው። በዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር ሠራዊት ቄስ ሆነው አገለገሉ። በ1919 መጨረሻ፣ በመስኮብ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በዩክሬን በሚገኘው ርስታቸው ሽፍቶች ገደሏቸው። ጋኪ ሸሮቾም በግዞት ሳሉ ያረፉት በዚያው ዓመት ነው።

የአባ አንቶኒ ወረቀቶች ከዚያ በኋላ ተረሱ። ኢልፍና ፔትሮቭ የሚባሉት የሶቪየት ደራሲዎች «ዐሥራ ሁለቱ ወንበሮች» በተባለው ልቦለዳቸው ሐበሻ አገር ዘምቶ የመነኮሰ ፈረሰኛ አስገብተው አስቀውበታል፤ ሕዝቡም ለረጅም ጊዜ ያወቃቸው በዚህ ቀልድ ብቻ ነው። ኢሲዶር ካትስኔልሰን የሚባል የጥንታዊት አፍሪካ ሊቅ ወረቀቱን ፈልጎ መጽሐፎቹን እ.ኤ.አ. በ1971 እንደገና አሳተመ። ከማኅደር የተገኘው የሦስተኛው ጉዞ ጽሑፍ በ1987 ተከተለ፤ በ2000ም ሁለቱ ቀደምት መጽሐፎች በእንግሊዝኛ ወጡ።