ቅብብሎሽ

የሕፃናት ዕድገት ባለሙያዎች «ሰርቭ ኤንድ ሪተርን» የሚሉት ነገር ስሙን ያገኘው ከቴኒስ ሜዳ ነው፤ በሰፊው ያስተዋወቀውም የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ዕድገት ማዕከል ነው። አንዱ ኳስ ይለጋል፣ ሌላው ይመልሳል። በአማርኛ «ቅብብሎሽ» ብንለው የሚያስቸግር አይመስለኝም፤ ቴኒስ አይቶ የማያውቅም ከእግር ኳስ ያውቀዋል።

የአራት ወር ሕፃን «አጉ» ሲል ጨዋታውን የጀመረው እሱ ነው። እናቱ ዓይን ዓይኑን እያየች «ምን አልክ የኔ ጌታ?» ብላ ዝም ስትል ተራውን ሰጠችው። ከፍ ሲል በጣቱ ድመቷን ያሳያል፤ «ድመት» ትለዋለች፤ ሁለቱም የሚያዩት አንድ ነገር ስለሆነ ቃሉ ቦታውን ያገኛል። ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ቢለፈልፍ ተራ አይሰጥማ! መላሹም ማንም ቢሆን እኩል አይደለም። የሕፃኑ «እህ» የረሃብ ትሁን የእንቅልፍ የሚለየው አብሮት የከረመ ሰው ነው። የወላጅና የልጅ ቁርኝት ልጅን አፍ የሚያስፈታው በዚህ በኩል ነው።

ቅብብሎሹ ሲቋረጥ የሚሆነውን ለማየት ካርቱም ያለውን የማይጎማ ማሳደጊያ ማሰብ ይበቃል። በ1961 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ይህ ቤት ይቀበል የነበረው በአብዛኛው ከጋብቻ ውጭ ተወልደው የተጣሉ ጨቅላዎችን ነው። ሞግዚቶቹ ደግ ቢሆኑም አንዷ ለብዙ ሕፃናት ነበረች፤ ፈረቃዋ ሲያበቃም ሌላ ትተካ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በደርዘን የሚቆጠሩ ሕፃናት እዚያው ሞቱ፤ በሰኔ ወደ 300 የሚጠጉት ወደ ዋድ መዳኒ ከተማ ተወሰዱ።

ሕይወት ከተረፈ በኋላ ስለ ቋንቋ የምናውቀውን ያስተማረን ግን የሩማንያ ጥናት ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በቡካሬስት 136 የማሳደጊያ ሕፃናት ተመርጠው ግማሾቹ በዕጣ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ። 15 ወር ሳይሞላቸው ወደ ቤተሰብ የገቡት በቋንቋ እኩዮቻቸውን ደረሱ። ከሁለት ዓመታቸው በኋላ የገቡት ግን በሦስት ዓመት ተኩል ዕድሜያቸው እንኳ ማሳደጊያው ውስጥ ከቀሩት አልተሻሉም።

ማይጎማም ከጦርነቱ በፊት ሕፃናቱን ለቤተሰብ ይሰጥ ነበር፤ ሥርዓቱ ካፋላ ይባላል። አዎ፣ ለእኛ ከዓረብ አገር የቤት ሠራተኝነት ጋር የሚያያዘው ያው ቃል! እዚህ ግን ዋስትናው ለልጅ ነው፦ አሳዳጊዎቹ ያሳድጉታል እንጂ የአባት ስም አይሰጡትም። ለቅብብሎሹ ስሙ አያግድም። የሚያግደው ልጁ ሁለተኛ ዓመቱን ማሳደጊያው ውስጥ መድፈኑ ነው።