ከስሜን በረዶ እስከ ኪነሬት ውኃ

ከአገር ይዘናቸው ከመጣናቸው ቃላት መካከል እዚህ የተገለበጠብን አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ክረምት» ነው። በጎንደር ክረምት ማለት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። በኪርያት ማላኪ፣ በጌዴራና በያብኔ ግን በእነዚያ ወራት ዝናብ የለም፤ የሚዘንበው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ስለዚህ ክረምት ሲባል ልጆቻችን ብርድ ትዝ ይላቸዋል፣ ሽማግሌዎቻችን ግን እርሻ። ዛሬ የማወጋችሁ የእነዚህን የሁለቱን ክረምቶች ታሪክ ነው።

ከበረዶ ልጀምር። በቀይ ባሕር ዳር በነበረው በአዱሊስ ወደብ የአንድ የአክሱም ንጉሥ ገድል በግሪክ ቋንቋ በድንጋይ ተቀርጾ ነበር። ድንጋዩ ዛሬ የለም፤ ጽሑፉን ግን በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የሚባል ነጋዴ ገልብጦ አቆይቶልናል። ንጉሡ ወንዝ ተሻግሮ ስሜኖችን እንደ ወጋ፣ በተራራቸውም ሰው እስከ ጉልበቱ በበረዶ እንደሚሰጥም ይናገራል። ስሜን የአባቶቻችን አገር ስለሆነ ይህን ያነበበ ሁሉ መገረሙ አይቀርም። በ1770 እ.ኤ.አ. በዚያ ያለፈው ጀምስ ብሩስ በስሜን በረዶ የለም ሲል አስተባበለ፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ሄንሪ ሶልት ደግሞ አለ ብሎ መለሰለት። በእኔ ግምት ሁለቱ ያዩት የተለያየ ወር ነው። አማርኛችንም ነገሩን ያከብደዋል፤ እየደበደበ የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚያርፈውንም «በረዶ» እንላለንና። ዛሬ በራስ ደጀን ላይ አልፎ አልፎ ቢወርድም ከርሞ አይቆይም።

ወደ ዝናቡ እንለፍ። የኢትዮጵያ ክረምት እርጥበቱን የሚያገኘው ከአትላንቲክ በኮንጎ በኩል፣ እንዲሁም ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። በሩቁ በሰላማዊ ውቅያኖስ ባሕሩ ሲሞቅ፣ ኤል ኒኞ የሚባለው፣ ክረምቱ ብዙ ጊዜ ይደክማል። በ2015 እ.ኤ.አ. የሆነው ይኸው ነው፤ በማግሥቱ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈለገው።

የሰባ ሰባቱን ድርቅ ለእናንተ መተረክ አያስፈልግም። እኛን ያስነሳን የኢየሩሳሌም ናፍቆት እንጂ ረሃብ አይደለም፤ ይህ በደንብ ይታወቅ። ነገር ግን ድርቁና ጦርነቱ ያፈናቀሉት ሕዝብ በሱዳን ካምፖች ተከማችቶ ስለነበር፣ በኡም ረኩባና በሌሎቹ ቦታዎች በሽታው ወገኖቻችንን ፈጀ። በሙሴ ዘመቻ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እ.ኤ.አ. 8,000 ያህል ሰው ገባ፤ በመንገድና በካምፕ የቀሩት ግን 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። የዝናብ መቅረት በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ታሪክ አለው።

በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በሰለሞን ዘመቻ የመጡት ደግሞ የመጀመሪያ ክረምታቸው ጉድ ነበር። በ1992 መጀመሪያ ዝናቡ አላባራ አለ፣ ኢየሩሳሌም በረዶ ለበሰች፣ ኪነሬት ሞልቶ የደጋንያ ግድብ ተከፈተ። አዲስ መጪዎቹ «የተስፋይቱ ምድር ክረምት ይህ ነው» ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። ሳይንቲስቶች ያን ዓመት በ1991 በፊሊፒንስ ከፈነዳው ከፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ጋር ያያይዙታል። እንግዲህ የአየር ለውጥ ሁሉ የሰው ሥራ ነው ማለት አይደለም። ግን ከ10 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2001፣ ያው ኪነሬት ከባሕር ጠለል በታች ወደ 214.87 ሜትር ወረደ። ዛሬ የምንጠጣው ውኃ ብዙው ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ በያብኔ አጠገብ በፓልማኂም በ2007፣ በአሽዶድ በ2015 ማጣሪያዎቹ ሥራ ጀመሩ።

ዓለም ስትሞቅ ምን ይሆናል? አየር በአንድ ዲግሪ ሙቀት 7 ከመቶ ያህል ተጨማሪ ተን ይሸከማል። ስለዚህ ሲዘንብ በአንድ ጊዜ ያወርደዋል፤ በጥር 2020 በቴል አቪቭ ሁለት ሰዎች በጎርፍ በተሞላ የምድር ቤት አሳንሰር ውስጥ የሞቱት በእንዲህ ያለ ዝናብ ነው። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ግን የዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ እየቀነሰ እንደሚሄድ ይጠበቃል።

የስግድን ጊዜ አስቡት። በአምቦበር ወደ ተራራው የሚወጣው ዝናቡ አብቅቶ፣ ሰማዩ ብራ ሆኖ ነበር። እዚህ 29 ሔሽቫን የሚውለው በየምኩራቡ የዝናብ ልመና ከተጀመረ ከ22 ቀን በኋላ ነው።

በጎንደር ገጠር የዝናብ መለኪያ የነበረው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ የቀረው በሽማግሌዎቻችን ትዝታ ውስጥ አለ። ስለዚህ በሚቀጥለው ስግድ አያቶቻችሁን ጠይቁና ጻፉ፦ ጤፍ የሚዘሩት በየትኛው ወር ነበር? ዝናቡ የዘገየው በየትኛው ዓመት ነው? በረዶውስ ይደበድብ ነበር ወይስ ያርፍ?